ለጊዜው የተከፈተው ዋይፋይ

ክሊኒኩ ውስጥ ሁሉም ሰው «ኢንጂነር» ነበር የሚለው። ኢንጂነር ግን አልነበረም። ወጣትነቱን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ጥገና ያሳለፈ፣ ኮምፒውተር ሲመጣ ኮምፒውተር የተማረ፣ ኢንተርኔት ሲመጣ ደግሞ ኬብል መጎተት የጀመረ የእጅ ሙያተኛ ነው። መጀመሪያ «ኢንጂነር» ያለችው የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ናት። የተበላሸባትን የሻይ ውሃ ማፍያ በቢላዋ ጫፍ ፈታትቶ ጠግኖ ሲሰጣት፣ «ውይ ኢንጂነሬ!» ብላ ኮሪደሩን በሳቅ ሞላችው። ከዚያ ቀን በኋላ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ ሰው ጠፋ።

ሥራው ንጹሕ ነበር። እሱ የዘረጋው ኬብል ግድግዳው ላይ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ሥራውን ሲጨርስ የቆራረጠውን ፕላስቲክ ራሱ ጠርጎ፣ መሰላሉን ከወሰደበት ቦታ መልሶ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሰው ያምነዋል፤ እሱም ራሱን ያምናል። ኋላ ላይ ከሁሉ በላይ ያንገበገበው ይሄው ነው። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የሚያመካኝበት ነገር ያገኝ ነበር።

ክሊኒኩ የአንድ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ የታችኛው ወለል ላይ ነው። በግራው ፎቶ ኮፒና ስልክ ጥገና ቤት፣ በቀኙ ልብስ ሰፊ አለ። ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው የግድግዳው ቀለም እንኳ በቅጡ አልደረቀም ነበር። ኢንጂነር የዋይፋዩን ራውተር ከኮሪደሩ መሀል ጣሪያው ሥር ሰቅሎ፣ የካርድ ክፍሉን፣ የዶክተሯንና የላቦራቶሪውን ኮምፒውተሮች አገናኘ። ላቦራቶሪው የመረመረውን ጽፎ «ውጤት» የሚባል የጋራ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል፤ ዶክተሯ ከወንበራቸው ሳይነሡ ከፍተው ያነባሉ፤ ካርድ ክፍሏ አትማ ከበሽተኛው ካርድ ጋር ታያይዛለች። ሸጋ አሠራር ነው።

ከዚያ እንደ ደንቡ ኔትወርኩን ሊያመሰጥር ተቀመጠ። አየር ላይ የሚመላለሰው ነገር ሁሉ፣ የይለፍ ቃሉን ለማያውቅ ሰው ዝብርቅርቅ እንዲሆንበት የሚያደርገው ሥራ ይሄ ነው። ካልተሠራ፣ ዋይፋዩ የሚደርሰው ማንም መንገደኛ ዘው ብሎ ይገባል። አሥራ ስድስት ፊደል ያለው የይለፍ ቃል መርጦ ወረቀት ላይ ጻፈና ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ አስገባቸው። ሁሉም ገቡ። የላቦራቶሪው ማተሚያ ብቻ እምቢኝ አለ።

ማተሚያው ብልቃጥ ላይ የሚለጠፉ ትንንሽ ወረቀቶችን የሚያትም፣ ዶክተሯ ከድሮ መሥሪያ ቤታቸው ገዝተው ያመጡት አሮጌ ዕቃ ነው። እሱ በተሠራበት ዘመን ይሄኛው የምስጠራ ዓይነት ገና አልተፈጠረም። ኢንጂነር ሁለት ሰዓት ሙሉ ታገለው። ማተሚያው ቀይ መብራቱን እያርገበገበ ዝም።

«ደግሞ ምን ሆነ?» አሉ ዶክተሯ በበሩ ብቅ ብለው።

«አርጅቷል ዶክተር። ዋይፋዩ ሲቆለፍ መግባት አይችልም። በኬብል ላገናኘው። ግድግዳውን እዚህ ጋ ብበሳው ይጨርሳል።»

«ግድግዳውን? ዛሬ ጠዋት የተቀባውን?»

«አርባ ደቂቃ ነው፤ ከዚያ አይበልጥም።»

«ነገ እንግዳ ጠርቼ ዛሬ ቤቱን አቧራ በአቧራ ልታደርግብኝ ነው? ሌላ ቀን ትበሳዋለህ። አሁን ብቻ ይሥራልኝ፤ እባክህ።»

እባክህ ሲባል የሚረታ ሰው ነበር። የይለፍ ቃሉን አነሣው። ማተሚያው ወዲያው ጥርስ እንደሚያፋጭ ሰው ድምፅ አሰምቶ የመጀመሪያዋን ወረቀት ተፋ፤ ዶክተሯም እንደ ልጅ አጨበጨቡ። ኢንጂነር አሥራ ስድስቱን ፊደል የጻፈባትን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ «ለጊዜው ነው» አለ። ማንም አልሰማውም፤ የሚለውም ለራሱ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ሥራ በዛ። በወሩ ልጁ ታመመች። በሦስተኛው ወር ደግሞ ያልጠበቀው ነገር መጣ፤ ተራ የሚጠብቁ በሽተኞች ነጻ ዋይፋይ አገኘን ብለው ያመሰግኑት ጀመር። «እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ ወረፋው እንዳይሰለቸን አደረግኸን» ያሉት ሽማግሌ ነበሩ። ምርቃት ተቀብሎ መልሶ መዝጋት ደግሞ ከበደው። መሰላል ላይ በወጣ ቁጥር ነገሩ ብልጭ ይልበታል፤ ከመሰላሉ ሲወርድ ይረሳዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ሊሞላ ሆነ።

የካርድ ክፍሏን ሠራተኛ ከዶክተሯ በቀር ሁሉም «እታለም» ይላታል፤ ከሠራተኛው በዕድሜ ትበልጣለችና። እታለም ወሬ ትወዳለች። ማን እንዳገባ፣ ማን ቤት እንደቀየረ፣ የማን ልጅ ጥርስ እንዳበቀለ ከእሷ የሚቀድም የለም። በመስኮቷ የሚያልፍ ሰው ሰላም ብሎ ብቻ አያልፍም፤ አንድ ነገር ጥሎ፣ አንድ ነገር አንሥቶ ነው የሚሄደው። ሥራዋን ግን ጠንቅቃ ነው የምትሠራው። የስንቱን በሽተኛ የካርድ ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች። የኢንጂነር ልጅ በትኩሳት ስትቃጠል ካርዷን ከተራው አውጥታ ዶክተሯ ጠረጴዛ ላይ ያደረሰች፣ ከዚያም የራሷን ምሳ ትታ አጠገቡ ቁጭ ብላ «አይዞህ፣ ልጅ እንዲህ ነው፤ ነገ ቤቱን ስታተራምሰው ታያለህ» ስትለው የዋለች እሷ ናት። እንዳለችውም ሆነ።

ከክሊኒኩ ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ዳቦ ቤት ነበረ። ባለቤቱን ሰፈሩ «ባለዳቦው» ይላቸዋል። ጠዋት ጠዋት በራቸው ላይ የሚሰለፈው ሰው መንገዱን ይዘጋ ነበር። እሳቸው አንድ ሰሞን ሳል ይዟቸው አልለቅ አለ። ማክሰኞ ተመረመሩ፤ ለውጤቱ ዐርብ ተቀጠሩ። ሐሙስ ጠዋት ሱቃቸውን ሲከፍቱ የተሰለፈ አንድም ሰው አልነበረም። ዳቦው ተደርድሮ ቀዘቀዘ። አንዲት የቆየች ደንበኛቸው ከመንገዱ ማዶ አይታቸው መሀረቧን አፏ ላይ አድርጋ አለፈች። እሳቸው ራሳቸው ያልሰሙትን ሰፈሩ ሰምቶታል። የሳንባ ነቀርሳ ነው።

ዐርብ ዕለት ባለዳቦው የቀጠሮ ወረቀታቸውን አጥፈው እንደያዙ የካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ቆሙ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር።

«ዛሬ ውጤት ልሰማ ነበር ቀጠሮዬ» አሉ። «ለካ እኔ ነኝ መጨረሻ የምሰማው። አንቺ ነሽ አይደል? ከአንቺ ሌላ ማን ያወራል?»

እታለም አፏ ተከፍቶ ቀረ።

በነጋታው ዶክተሯ ሠራተኛውን በሙሉ ሰበሰቡ። ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ ኢንጂነር በሩ አጠገብ ቆሟል። ዶክተሯ ሌላ ሁለት ጉዳይም አነሡ፤ የአንዲት ሙሽራ ምርመራ ከሠርጓ በፊት ወጥቶ እንደነበር፣ የአንድ ሾፌርም እንዲሁ። ሁሉም ሰው እታለምን ላለማየት ወለሉን ያያል።

«እኔ ወሬ አወራለሁ» አለች እታለም። «አወራለሁ፤ ማን ይክዳል? የሰው በሽታ ግን ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። እናቴ ትሙት! የገዛ እህቴ መጥታ ተመርምራ፣ ለእናታችን እንኳ አልነገርኩም።»

ዶክተሯ ግንባራቸውን አሹ። ከዚያ ወደ በሩ ዞሩ። «ኢንጂነር፣ በአንተ በኩልስ? ከኮምፒውተሩ ሊወጣ ይችላል?»

የዚያች ቅጽበት ነገር ነው ኋላ ዓመታቱን ሁሉ የበላበት። አስቦ አይደለም የመለሰው፤ እጁን እሳት እንደነካው ሰው ነው ፈጥኖ የሸሸው።

«ኮምፒውተሮቹ ሰላም ናቸው» አለ። «ሁሉም የይለፍ ቃል አላቸው።»

ውሸት አልነበረም። ኮምፒውተሮቹ የይለፍ ቃል ነበራቸው። ክፍት የነበረው ኔትወርኩ ነው፤ ስለ እሱ የጠየቀው የለም።

እታለምን «በክብር ልቀቂ» አሏት። ረቡዕ ዕለት ወንበሯ ላይ የምታነጥፈውን ትራስ፣ የሻይ ኩባያዋንና የውሃ ማፍያዋን በፌስታል ይዛ ወጣች። በኢንጂነር ክፍል በኩል ስታልፍ ቆመች።

«ኢንጂነሬ፣ አንተም እኔ ነኝ ብለህ ታምናለህ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ እታለም» አላት፤ ዓይኑን ከያዘው ካቻቢቴ ሳያነሣ።

ፌስታሏን አስተካክላ ይዛ ሄደች።

በሚቀጥለው ሰኞ የስልኩ ስክሪን ተሰነጠቀበትና ጎረቤት ወዳለው ስልክ ጥገና ቤት ጎራ አለ። ጠጋኙ ጨዋታ ወዳድ፣ ክፋት የሌለበት ሰው ነው። ስልኩን እየፈታታ ሳለ ኢንጂነር ጠረጴዛው ላይ የተከፈተውን ኮምፒውተር አየ። ስክሪኑ ላይ «ውጤት» የሚል ፎልደር አለ። ሙሉውን፣ በየቀኑ ተደርድሮ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«እሱማ የእናንተ አይደል? ዋይፋያችሁ እዚህ ድረስ ይመጣል፤ ኢንተርኔት ከእናንተ ነው የምጠጣው፤ አትቆጣኝ እንጂ።» ጠጋኙ ሳቀ። «ስገባ እሱም አብሮ ብቅ ይላል። አንዳንዴ ሥራ ሲቀዘቅዝ እከፍተዋለሁ። የባለዳቦውን እኮ ያየሁት እኔ ነኝ! ደነገጥኩና ለባለቤቴ ነገርኳት። ለእሷ ብቻ ነው የነገርኩት። ልጆቻችን ዳቦውን ይበላሉ፤ ምን ላድርግ?»

«የሙሽራዋንስ?»

ጠጋኙ አሁን ሳቁን አቆመ። «ለምን ትጠይቀኛለህ?»

ኢንጂነር ስክሪኑ ሳይገጠምለት ስልኩን አንሥቶ ወጣ። ክሊኒኩ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ገብቶ መናገር ይችላል፤ ዶክተሯ ክፍላቸው ናቸው፤ የእታለም ወንበር ገና ሰው አልተቀመጠበትም። አሥር እርምጃ ነው። «መጀመሪያ ልዝጋውና ከዚያ እነግራቸዋለሁ» አለ ለራሱ። ሁለተኛው «ለጊዜው» ይሄ ነበር፤ ከመጀመሪያውም የባሰው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክሊኒኩ ሲዘጋ ለብቻው ቀረ። ግድግዳውን በሳ፤ አቧራውን እርጥብ ጨርቅ ዘርግቶ ተቀበለው። ከራውተሩ እስከ ላቦራቶሪው አሥራ ሁለት ሜትር ኬብል ጎትቶ ማተሚያውን አገናኘ። ኔትወርኩን በአዲሱ ዓይነት አመሰጠረ። የጋራ ፎልደሩን ለሦስቱ ኮምፒውተሮች ብቻ ፈቀደ። በሽተኞቹ ዋይፋይ እንዳይቀርባቸው ደግሞ ከክሊኒኩ ሥራ ጋር የማይገናኝ ሌላ የእንግዳ መስመር ከፍቶ የራሱን የይለፍ ቃል ሰጠው። ሲጨርስ ሰዓቱን አየ። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ። መሰላሉ ላይ እንደተቀመጠ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አልወረደም።

ከዚያ ወዲህ አንድም ወሬ አልወጣም። እንዲህ ሆነና ነገሩ የሚብሰውን መልክ ያዘ። ወር ሲያልፍ ዶክተሯ ኮሪደር ላይ አገኙትና፣ «አየህ አይደል?» አሉት። «እሷ ከሄደች ወዲህ ጸጥ አለ። እኔ እኮ እየጠረጠርኩም አዝኜላት ነበር። አሁን ግን ልቤ ዐረፈ።»

ያኔም አፉን ከፍቶ ነበር። ነርሷ በሽተኛ ይዛ መጣች፤ ዶክተሯ ሄዱ፤ አፉን መልሶ ዘጋው። ኔትወርኩ ላይ ያደረገው ቁልፍ ለእታለም ጥፋት ማስረጃ ሆኖ ተቆጠረ። እውነቱን የሚያውቁት እሱና ጠጋኙ ከነባለቤቱ ነበሩ። ባልና ሚስቱ በዓመቱ ሰፈሩን ለቀው ሄዱ። እሱ ብቻ ቀረ።

እታለም ሌሎች ክሊኒኮች ጋ ሄዳ ሥራ ጠየቀች። የካርድ ክፍል ሠራተኛ ስትቀጠር መጀመሪያ የሚጠየቀው የቀድሞ መሥሪያ ቤቷ ነው፤ ስልክ ይደወላል፤ «ሠራተኛነቷ መልካም ነው፤ ግን...» ይባላል። ከ«ግን» በኋላ ያለውን መስማት የፈለገ የለም። በመጨረሻ የሆቴል አንሶላና ፎጣ የሚያጥብ ላውንደሪ ገባች፤ ማጠፍ ነው ሥራዋ። ኢንጂነር ይሄን የሰማው ከነርሷ ነው። ላውንደሪው እሱ ወደ ቤቱ በሚሄድበት መንገድ ላይ ነበር። መንገዱን ቀየረ። በአዲሱ መንገድ ሲሄድ ዳገት አለበት፤ ሩብ ሰዓት ያስረዝማል። ስድስት ዓመት ሙሉ ያን ዳገት ወጣ።

ባለዳቦው ታክመው ዳኑ። ደንበኛቸውም ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ እንደ ድሮው ባይሆንም። ኢንጂነር ዳቦ ከሌላ ቦታ ነበር የሚገዛው።

ስድስት ዓመት ካለፈ በኋላ አዲስ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ተቀጠረች። ገና ከትምህርት ቤት የወጣች፣ ሰው ሲያናግራት የምትደነግጥ ልጅ ናት። ዶክተሯ አስቀምጠው ሲያስተምሯት ኢንጂነር እዚያው ኮምፒውተሯን እያዘጋጀ ነበር።

«እዚህ ወንበር ላይ ከዓመታት በፊት አንዲት ሴት ነበረች» አሉ ዶክተሯ። «ጎበዝ ነበረች። አፏ ግን የአንድ ሰው ቤት አፈረሰ። አንቺም የምታዪው ሁሉ እዚሁ ይቅር።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ኢንጂነር የኪቦርዱን ሽቦ እንደያዘ ቀረ። እታለም አሁን ስም እንኳ የላትም፤ ማስፈራሪያ ሆናለች።

ያን ቀን ቤቱ ሲገባ እራት አልበላም። ባለቤቱ ምን እንደሆነ ብትጠይቀው ዘረገፈላት፤ ከማተሚያው ጀምሮ እስከ ልጅቷ። ባለቤቱ ሰምታ ስትጨርስ አላባበለችውም።

«ያቺ ሴትዮ ልጄ ስትታመም አብራህ የዋለችው ናት?»

«እሷ ናት።»

«ታዲያ ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ?» አለችው። «እኔ ምን አደርግልሃለሁ? የምትነግረውን ሰው ታውቀዋለህ።» ተነሥታ ሳህኑን ይዛ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት የዶክተሯን በር አንኳኳ። ቆሞ ነው የተናገረው፤ «ተቀመጥ» ሲሉት አልተቀመጠም። ዶክተሯ ሲጨርስ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ስድስት ዓመት?»

«ስድስት ዓመት ከሦስት ወር።»

«እኔ ጠይቄህ ነበር እኮ። በሰው ፊት ጠየቅሁህ።»

«ጠይቀውኝ ነበር።»

«ስንት ክሊኒክ ደወለልኝ መሰለህ? ለሁሉም እኔ ነኝ የነገርኳቸው፤ በዚህ አፌ።» ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሲዞሩ ያረጁ መሰለው። «ግድግዳውን አትብሳ ያልኩህም እኔ ነኝ። ይሄንን አልረሳሁትም። ግን ይሄ አንተን አያድንህም፤ ገባህ? እኔንም አያድነኝም። አሁን ውጣልኝ። ሄደህ መጀመሪያ ለእሷ ንገራት። ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ።»

ሥራውን የሚለቅበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ዶክተሯም ወረቀቱን አልመለሱለትም።

ላውንደሪው ረጅም፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ክፍል ነው። ማሽኖቹ ሲዞሩ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። እታለም ከአንዲት ወጣት ጋር አንድ ሰፊ አንሶላ በአራት ጫፉ ይዘው እየተራመዱ፣ እየተገናኙ፣ እየተራራቁ ያጥፋሉ። ፀጉሯ ሸብቷል። ስታየው ፈገግ አለች፤ ይሄን አልጠበቀም ነበር።

«ኢንጂነሬ! የት ጠፍተህ ነው? ልጅህ ትልቅ ሆነች?»

«ሆነች» አለ። «እታለም፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። ብትቆጪኝም ስሚኝ።»

ሁሉንም ነገራት። አንሶላውን ይዛ ነበር የምትሰማው፤ ስልክ ጠጋኙ ጋ ሲደርስ ጫፉን ለወጣቷ ሰጥታ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግድግዳውን እንደበሳ ሲነግራት እጇን አነሣችና አስቆመችው።

«ቆይ። ስንት ጊዜ ፈጀብህ?»

«ሠላሳ ስምንት ደቂቃ።»

«ሠላሳ ስምንት» አለች። እንደ ካርድ ቁጥር በቃሏ የምትይዘው ይመስል ደገመችው። «እናቴ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው። ታውቃለህ? አልጋ ላይ ሆና ምን አለችኝ መሰለህ? "ልጄ፣ አፍሽን ብትሰበስቢ ምን ነበረበት" አለችኝ። እንደዛ ብላኝ ነው የሄደችው። እኔ እሷን ምዬባት ነበር እኮ፤ በሰው ፊት። አላመነችኝም።»

ኢንጂነር ወደ ወለሉ አየ። «ይቅርታ» የሚለውን ቃል ይዞ ነበር የመጣው፤ አሁን ሲያየው በጣም ትንሽ ሆነበት። እንዲያም ሆኖ ተናገረው።

«ሰምቼሃለሁ» አለች እታለም። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። «እንድትጎዳኝ ብለህ እንዳላደረግኸው አውቃለሁ። መጀመሪያውን ማለቴ ነው። ሁለተኛውን ግን...» ራሷን ነቀነቀች። «በሩ ላይ ቆሜ ጠየቅሁህ እኮ። "አይ እታለም፣ አንቺ አይደለሽም" ብትለኝ ምን ነበር? ሳታውቅም ቢሆን? ያችን ይዤ እሄድ ነበር።»

ማሽኑ ቆመ፤ ክፍሉ ድንገት ጸጥ አለ። ወጣቷ አንሶላውን እንደያዘች ዓይኗ ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳል።

«አንድ ነገር ታደርግልኛለህ» አለች እታለም ተነሥታ። «ባለዳቦው ጋ ሂድ። የምኖረው እሳቸው መንገድ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ሳልፍ ፊታቸውን ያዞራሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን ፊት ነው የማየው። ሂድና ንገራቸው። ከእኔ ሳይሆን ከአንተ ይስሙት።»

በዚያው ሄደ። ባለዳቦው መደርደሪያቸውን እየወለወሉ ነበር። «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ይስሙኝ» ብሎ ጀመረ። ሲጨርስ ጨርቁን አጣጥፈው አስቀመጡ።

«እኔ ከበሽታው ይልቅ ያንገበገበኝ እሷን ማመኔ ነበር» አሉ። «ሻይዋን እያጠጣች ካርድ የምትሰጠኝ ሴት ናት።» ከዚያ ዓይናቸውን አነሡ። «አንተን ምን ልበልህ? በል ሂድልኝ። ሌላ ቀን ምናልባት የምልህ አገኛለሁ።»

በነጋታው ጠዋት ባለዳቦው እታለም በር ላይ ቆመው እንደነበር፣ ሁለቱም እዚያው ደጁ ላይ እንዳለቀሱ፣ ለኢንጂነር የነገረችው ነርሷ ናት። እሱ አላየውም። የሚያይበትም መብት ያለው አልመሰለውም።

ዶክተሯ ደብዳቤውን ጻፉ። ማኅተም አድርገው ለየክሊኒኩ ላኩ፤ አንዱን በማስታወቂያ ሰሌዳቸው ላይ ለጠፉ፤ አንዱን ደግሞ «በራስህ እጅ ስጣት» ብለው ለኢንጂነር ሰጡት። ደብዳቤው እታለም ጥፋት እንደሌለባት፣ ጥፋቱ የኔትወርኩ አለመመስጠርና ይህንን አውቆ ዝም ማለት እንደሆነ፣ ወደ ሥራዋ ብትመለስ ወንበሩ የእሷ እንደሆነ ይላል። እታለም ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«አልመለስም» አለች። «እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰው ሰላም ባለኝ ቁጥር ምን እያሰበ ነው ማለቴ አይቀርም። አንሶላ ቢያንስ አይጠረጥረኝም።» ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ሳቀች፤ ከእሱ ጋር ግን አልነበረም የሳቀችው። ከዚያ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አደረገች። «የአባቴን ስም አሳስተው ጽፈውታል። አንድ ፊደል ጎድሎታል። ይታረም።»

ወሰደው። ዶክተሯ አርመው፣ ፈርመው፣ እንደገና ማኅተም አደረጉበት። በሦስተኛው ቀን ይዞ ሲመለስ እታለም በጊዜ ወጥታ ነበር። ወጣቷ ብቻ አለች።

«እሰጥልሃለሁ» አለችው፤ ፖስታውን ተቀብላ ከማሽኑ ጎን ካለ የትራስ ልብስ ክምር ላይ አስቀመጠችው።

«እዚያ ጋ ውሃ ይነካዋል» አላት።

ወጣቷ አንሥታ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ደረቅ ፎጣዎች መሀል አደረገችው። ኢንጂነር በደንብ መቀመጡን አየ። አመስግኗት ወጣ።